እርድን ለአንጀት ብግነት፦ መጠኑና ጥንቃቄው

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ የአንጀት ብግነት አይደለም፤ አሜባም ሆነ የአንጀት ቲቢ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ እርድ ከመጀመርዎ በፊት ሰገራዎ ተመርምሮ፣ አንጀትዎም በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ታይቶ፣ ሕመሙ ከሁለቱ ዋና ዋና የአንጀት ብግነት ዓይነቶች አንዱ፣ አልሰራቲቭ ኮላይተስ (ትልቁን አንጀት የሚያቆስል) ወይም ክሮን (የትኛውንም የአንጀት ክፍል ሊያጠቃ የሚችል) መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚህ በታች ያለው የሚመለከተው አልሰራቲቭ ኮላይተስን ነው፤ ለክሮን የተገኘው ውጤት እምብዛም አያበረታታም።

ከቅመሞቻችን መካከል በደንብ የተፈተነው እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሕመማቸው በተረጋጋ 89 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን ለ6 ወራት ከወሰዱት መካከል ያገረሸባቸው ከመቶ 5 ያህሉ ሲሆኑ፣ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ከተሰጣቸው ግን 20 ያህሉ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የተለመዱትን የሕመሙን መድኃኒቶች፣ ሜሳላሚናቸውን ወይም ሰልፋሳላዚናቸውን፣ አላቋረጡም፤ እርድ ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት ማቆም ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አልጫ ላይ የምንጨምረው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 3 ግራም ያህሉ፣ 100 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ 2 ግራም ለማግኘት ከ20 ማንኪያ በላይ መብላት ሊያስፈልግ ነው። አልጫውን ስለሚጥምዎት ይብሉት። እንክብል ሲገዙ ግን የኩርኩሚኑ መጠን ለብቻው መጻፉን ይመልከቱ፤ «የእርድ ዱቄት 500 ሚሊ ግራም» ብቻ የሚል ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ኩርኩሚን 15 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበት እንክብል ኩርኩሚኑ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ ቢያደርግም፣ የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ሊያንር ስለሚችል፣ ብዙ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢተወው ይሻላል።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ቀዶ ሕክምና የተቀጠረላቸው ሰዎች እንክብሉን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምሩ። ኩርኩሚን ብረትን ስለሚይዝ፣ ደም ማነስ ያለበት ሰውም የደም ምርመራውን መከታተል አለበት።

ሐኪምዎ ከተስማማ በትንሽ መጠን፣ ከምግብ ጋር ይጀምሩ፤ በቀን ስንት ጊዜ ሰገራ እንደተቀመጡና ደም መኖር አለመኖሩን በደብተር ይመዝግቡ። ዐይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ጉበትዎ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ያቁሙና የእንክብሉን ዕቃ ራሱን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።