ፓምፑን ከመቀየርህ በፊት ግራውንዱን እየው

የቆየ የቤንዚን ፒካፕህ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል? የነዳጅ ፓምፑ ታንክ ውስጥ ከሆነ አዲስ ለመግዛት አትቸኩል፣ እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ግራውንዱን፣ ማለትም ፓምፑን ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር የሚያገናኘውን ኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ሽቦው ሻንሲው ላይ የሚታሰረው ከስር፣ ጭቃና ውሃ በሚመታው ቦታ ስለሆነ ቶሎ ይዝጋል።

መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። ቀዩን ጫፍ ፓምፑ ሶኬት ላይ ካለው የግራውንድ ሽቦ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ አገናኝና ሰው ሞተሩን ያስነሳልህ። ሶኬቱ እንዳይነቀል፣ ፓምፑ እየሠራ ካልተለካ ቁጥሩ ያታልልሃል። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ግራውንዱ ደህና ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ችግሩ እዚያው ነው።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትጀምር። ቡሎኑን ፍታ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ አጥብቀህ እሰርና ላዩን ግሪስ ቀባ። የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ቆርጠህ በአዲስ ተርሚናል ቀይር። እንደገና ለካ።