ለፕሪ-ነርሲንግ ሰርተፍኬት ስትበደሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

በዲቪ ከመጣ ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። «እትዬ፣ ነርሲንግ ጀመርኩ!» አለኝ በደስታ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ግን የተመዘገበው ነርሲንግ አይደለም፤ ለነርሲንግ የሚያዘጋጅ ሰርተፍኬት ነው። እስኪጨርስ 14,000 ዶላር ይበደራል። ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጠራውን ትቼዋለሁ።

ዕዳውን በነርስ ደሞዝ መመዘን። «ነርስ 93,600 ዶላር ያገኛል፣ 14,000 ምን አላት?» ይሉኛል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2024 ያወጣው የአርኤን (ፈቃድ ያለው ሙሉ ነርስ) መካከለኛ ደሞዝ ነው። ግን እኮ ደሞዙ የአርኤን ነው! የዝግጅት ሰርተፍኬት የሥራ ፈቃድ አይሰጥም፣ የነርስ ፈቃድ ለማግኘት ለሚወሰደው የኤንክሌክስ ፈተና አያስቀምጥም፣ መርፌም አያስይዝም። አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ተምራችሁ ትወጣላችሁ፤ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ለመግባት የምታመለክቱት ገና ከዚያ በኋላ ነው። ወንበር ጥቂት፣ አመልካች ብዙ። ካልተቀበሏችሁ ያን ወረቀት ይዛችሁ ማን ይቀጥራችኋል? የምትሠሩት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆናችሁ ነው። የሲኤንኤ መካከለኛ ደሞዝ በዚያው ዓመት 39,530 ዶላር ነበር፤ ለሲኤንኤነት ደግሞ ያ ሰርተፍኬት ከነጭራሹ አያስፈልግም። ስለዚህ ዕዳችሁን መንገድ ላይ ብትቀሩ በምታገኙት ደሞዝ መዝኑት። በአርኤን ደሞዝ መመዘን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ይህን ስናገር ሰው የሚቀየመኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተስፋ አታስቆርጪን ይሉኛል። ተስፋ ቢሆንማ ወለድ ባልታሰበበት ነበር።

የመንግሥትን ሚዛን የቤታችሁ ሚዛን ማድረግ። በ2023 የወጣው የፌዴራል ደንብ የትምህርት ፕሮግራሞችን ለመመዘን ዕዳን ከገቢ ጋር የሚያነጻጽር ስሌት አስቀምጧል። የተመራቂዎቹ የዓመት ክፍያ ከገቢያቸው 8 በመቶ፣ እንዲሁም ከድህነት ወለል አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ከሚተርፋቸው ገቢ 20 በመቶ፣ ሁለቱንም ካለፈ ፕሮግራሙ ይወድቃል። የልጁን ዕዳ በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በአሥር ዓመት ብንከፍለው በወር 159 ዶላር ገደማ፣ በዓመት 1,900 ይመጣል። በሲኤንኤ ደሞዝ እንኳ ይህ ከሁለቱም ገደቦች በታች ነው፤ ፕሮግራሙ አይወድቅም። ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ደንቡ የሚያሰላው በአንድ ሰው የድህነት ወለል ነው፤ በ2025 ይህ 15,650 ዶላር ነበር። ልጁ ግን ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ለአራት ሰው ወለሉ በዚያው ዓመት 32,150 ነበር፤ አንድ ተኩል እጥፉ 48,225። በሲኤንኤ ደሞዝ የሚተርፈው ባዶ ነው ማለት ነው። በየወሩ ለእናቱ የሚልከውን ገና አልቆጠርኩም።

ሲኤንኤን በራስ ገንዘብ መማር። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ቀጥሯችሁ ወይም ሥራ ሊሰጣችሁ ቃል ገብቶላችሁ ሥልጠናውን ከጀመራችሁ፣ የመጽሐፍ እንኳ ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ከፍላችሁ ተምራችሁ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከተቀጠራችሁም፣ እየሠራችሁ በቆያችሁት ጊዜ ልክ ስቴቱ ይመልስላችኋል። ደረሰኝ አትጣሉ።

የተፈቀደውን ሎን (ብድር) ሁሉ መውሰድ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። በወላጆቹ ገቢ የማይታሰብ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት እስከ 9,500 ዶላር የፌዴራል ሎን ይፈቀድለታል። ከዚያ ውስጥ በትምህርት ጊዜ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው ቢበዛ 3,500ውን ነው፤ የቀረው ገንዘብ ወለድ ግን ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። እኔ ሁሉንም ወሰድኩ፣ ከትምህርት ክፍያው በተረፈው የአባቴን ቤት ቆርቆሮ አስቀየርኩ። አልጸጸትም። ግን የዚያን ቆርቆሮ ወለድ ስከፍል ስንት ክረምት አለፈ!

የተማራችሁት ኮርስ (ክሬዲቱ) ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ይዛወር እንደሆነ ሰርተፍኬቱን የሚሸጥላችሁን መጠየቅ። የምትገቡበትን ነርሲንግ ትምህርት ቤት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ማይክሮባዮሎጂን ሁለት ጊዜ ከፍላ ተምራዋለች።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የአካባቢው የመንግሥት ኮሌጅ) ለካውንቲው ነዋሪ ዋጋው ዝቅ ያለ መሆኑን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። ልጁ አላወቀም።

የእሱ ነገር ገና አላለቀም። ገንዘቡ የተለቀቀለት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ የፌዴራል ሎን ደግሞ ከተለቀቀ በ120 ቀን ውስጥ የመለሱት ገንዘብ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም አይታሰብበትም። ማክሰኞ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ አብረን የትምህርት ቤቱ ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ ብድርና እርዳታ) ቢሮ እንሄዳለን።