«ቻርጅ»ን ከነትርጉሞቹ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በቸርችል ጎዳና ካሉት ካፌዎች በአንዱ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ለአስተናጋጇ እያቀበለ «እባክሽ ቻርጅ አድርጊልኝ» ይላል። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ከ15 በመቶው ቫት ሌላ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል መስመር ሊያገኝ ይችላል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመ የታሳሪ ቤተሰብ ጠበቃውን «ቻርጅ ደረሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም በቃሉ አይደናገርም፤ ድንግርግሩ የሚመጣው ይኸው ቃል በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲያጋጥም ነው።

እኔ ራሴ የትርጉም ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን በአንድ ሪፖርት ውስጥ ያገኘሁትን «ኦፊሰር ኢን ቻርጅ» የሚል ሐረግ «ክስ የተመሠረተበት መኮንን» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ሰነዱን ያነበበችው አራሚ ከዳር በቀይ እስክሪብቶ «ሰውዬው ምን አጠፋ?» ብላ ጻፈችበት። ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የክፍሉ ኃላፊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፍቺ ያለውን ቃል የማጠናው ከዚህ በታች በተመለከተው ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ መዝገበ ቃላት ከመግለጥዎ በፊት ቃሉ የገባባቸውን ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ይሰብስቡ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው የሚያነቡት የእንግሊዝኛ ጋዜጣም ሆነ የባንክ የአገልግሎት ክፍያ ሠንጠረዥ ይበቃል። ወደ ደብተር ሲገለብጡ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያሉትንም ይጻፉ፣ ምክንያቱም ፍቺውን የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የሰበሰቧቸውን ዓረፍተ ነገሮች በአጃቢ ቃላቸው ይለዩ። «ቻርጅ» ብሎ «ፎር» ካስከተለ በአብዛኛው ማስከፈል ነው፤ «አት» ካስከተለ እየሮጡ መጣል፣ ማጥቃት ነው። «ዊዝ» ግን ወጥመድ አለበት፤ ከኋላው የወንጀል ስም ከመጣ ሰውዬው ተከሷል፣ ተግባር ከመጣ ደግሞ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው አንዲት «ዘ» የምትፈጥረው ልዩነት ነው፤ ሞግዚቷ «ኢን ቻርጅ ኦቭ» ሕፃኑ ከተባለ ጠባቂዋ እሷ ስትሆን፣ ሕፃኑ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ሞግዚቷ ከተባለ ደግሞ ተጠባቂው እሱ ነው። ይህቺን አንዲት ነጥብ ለብቻዋ አንድ ገጽ መስጠት አይበዛባትም።

ሦስተኛ፣ ወደ ሥሩ ይውረዱ። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ለሊቃውንት የተተወ አድርጎ ይዘለዋል፤ በእኔ ግምት ግን የማስታወሱን ሸክም በግማሽ የሚያቀልለው እሱ ነው። የቃሉ መነሻ ጋሪ ነው። ሮማውያን ከጎል (ከዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) የጥንት ሕዝቦች ወስደው «ካሩስ» ያሉት ጋሪ በኋለኛው ላቲን «ካሪካሬ»፣ ማለትም መጫን የሚል ግሥ ወለደ፤ ግሡ በድሮው ፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንግሊዝኛ ገባ። «ካር»፣ «ካርጎ»፣ እንዲሁም ፊትን አጋንኖ የሚሥለው «ካሪካቸር» የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ጫነ» የሚለውን ይዘው ደብተርዎን መልሰው ይመልከቱት፤ ኃላፊነት ሲጫን ኃላፊ መሆን፣ ዕዳ ሲጫን ማስከፈል፣ ጥፋት ሲጫን መክሰስ ይሆናል። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው፣ እኛ «ጉዳይ ፈጻሚ» የምንለው ዲፕሎማት፣ በፈረንሳይኛ «ሻርዤ ዳፌር» መባሉም ጉዳይ የተጫነበት ለማለት ነው።

የስልኩም ነገር ከዚሁ ይመዘዛል። ባሩድና ጥይት ወደ ጠመንጃ መክተት «ቻርጅ» ይባል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤንጃሚን ፍራንክሊንን የመሰሉ ተመራማሪዎች ኤሌክትሪክን በመስታወት ማሰሮ ማጠራቀም ሲጀምሩ ለዚህም ሥራ ይህንኑ ቃል ተጠቀሙ። ዛሬ በካፌው ግድግዳ ላይ የተሰካው ስልክ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አራተኛ፣ ሥሩን ካወቁ በኋላ ምስሉን ወደ አማርኛ አይጎትቱ። እንግሊዝኛ ጠመንጃውን ሲጭን አማርኛ ያጎርሰዋል፤ እንግሊዝኛ ባትሪውን ሲጭን አማርኛ ይሞላዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፍቺ አንጻር አማርኛ ለዚያ ጉዳይ የሚጠቀምበትን ግሥ ይጻፉ፤ «አስከፈለ»፣ «ከሰሰ»፣ «ሞላ»፣ «አጎረሰ»፣ «ኃላፊ ነው» እያሉ። በነገራችን ላይ «የክስ ቻርጅ» የሚለው አነጋገር አንዱን ነገር በሁለት ቋንቋ ሁለት ጊዜ መናገር ነው፤ ለመደበኛ ጽሑፍ «ክስ» ወይም «የክስ ማመልከቻ» ይበቃል።

አምስተኛ፣ መዝገበ ቃላቱን የሚገልጡት አሁን ነው። ፍቺዎች የሚደረደሩበት ሥርዓት ከመጽሐፍ መጽሐፍ እንደሚለያይ ይወቁ። እንደ ሜሪያም ዌብስተር ያሉት በታሪክ የቀደመውን ፍቺ ያስቀድማሉ፣ ለቋንቋ ተማሪ የሚዘጋጁት ግን በአብዛኛው ዛሬ የሚዘወተረውን። ስለዚህ በተራ ቁጥር አንድ የተቀመጠውን ፍቺ ዝም ብሎ መውሰድ ያሳስታል። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከነአማርኛው ስለሚያሳይ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

በመጨረሻ ራስዎን ለመፈተን «ዲስቻርጅ» የሚለውን ቃል ወስደው ማንንም ሳይጠይቁ ፍቺዎቹን ለመገመት ይሞክሩ። ታማሚው ከሆስፒታል ይወጣል፣ ወታደሩ ከሠራዊቱ ይሰናበታል፣ ጠመንጃው ይተኮሳል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ዕዳው ይከፈላል፤ በአምስቱም ቦታ ጋሪው ጭነቱን እያራገፈ ነው።