ሳይገባችሁ «እሺ» አትበሉ፦ ውጭ አገር ለምትማሩ የጤና ተማሪዎች

ከተለያየ አገር የሚመጡ የጤና ተማሪዎችን ዋርድ ውስጥ ሳስተምር ዓመታት ሆነኝ። ተማሪው ይለዋወጣል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሳይገባቸው «እሺ» ማለታቸው ነው። ሰንፈው አይደለም። ታላቅን መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስላቸዋል። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጓደኛቸውን «ምንድን ነው ያለችው?» ይላሉ።

አንድ ቀን ነርሷ በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» አለች። ተማሪው «ፊፍቲ» ሰማና «እሺ» ብሎ 50 ሚሊግራም ጻፈ። 15 ነበር። መድኃኒቱ ታማሚው ጋ ሳይደርስ ያስቆመችው ፋርማሲስቷ ናት። እስክሪብቶዋን ቁጥሩ ላይ አሳርፋ «ይሄን ማን አለህ?» ስትለው ልጁ ላብ በላብ ሆነ። እባካችሁ፣ የሰማችሁትን መልሳችሁ ተናገሩ። ቁጥር ከሆነ አንድ በአንድ፦ «አንድ፣ አምስት። አሥራ አምስት።» ታማሚንም «ገባዎት?» አትበሉት፤ «አዎ» ይላችኋል። «ቤት ሲገቡ እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ይንገሩኝ» በሉት።

ሌላው ከራስ ሙያ ጋር ብቻ መቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የሙያዎች የጋራ ትምህርት ማለት አንዱ ስለ ሌላው፣ ከሌላውና ከሌላው ጋር ሲማር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻውን አይበቃም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፊዚዮቴራፒስቱ ታማሚ ሲያስነሳ ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዲት እናትን «ደህና ናቸው፣ ቤታቸው ይሂዱ» ስል «ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ መውጣት አይችሉም» ያለኝ እሱ ነው። እኔ ስለ ቤታቸው ጠይቄ እንኳ አላውቅም። እስካሁን ይቆጨኛል።

የታማሚን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። እናት ልጇ ፊት ስለ ማህፀኗ አትናገርም፤ ልጅም ክፉ ወሬ ሲሆን ይውጠዋል። የሠለጠነ አስተርጓሚ አስጠሩ፤ ሲመጣም ዓይናችሁ ታማሚው ላይ ይሁን።

ስለ አንድ ሕዝብ ጥቂት አንብባችሁ «እነሱ እንዲህ ናቸው» አትበሉ። ሰውየውን ጠይቁት።

ሐኪም ስልክ ላይ ስታገኙም ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሕክምና የመጣው «ኤስባር» የተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ ዘዴ አራት ነገር ነው፦ አሁን ምን ሆነ፣ የኋላ ታሪኩ፣ የእናንተ ግምገማ፣ ምን ይደረግ። ብዙ ተማሪ የመጨረሻውን ፈርቶ ይተወዋል። ሐኪሙ ግን የሚጠብቀው እሱን ነው። አራቱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙ፤ ከመደወላችሁ በፊት አንዴ እዩት።