ለድረ ገጽዎ ጽሑፍና ፎቶ ሲያዘጋጁ የሚሠሩ ስህተቶች

ለአነስተኛ ንግድ ቤት ድረ ገጽ መሥራት ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ጽሑፉንና ፎቶውን ከባለቤቱ መቀበል ግን ሦስት ወር የፈጀብኝ ጊዜ አለ። ደርሶኝም የማይሆን ሆኖ ስመልሰው ከባለቤቱ በላይ እኔ አዝናለሁ፤ የሚያውቁትን ትተው የማያውቁትን ሲጽፉ አያለሁና።

በመጀመሪያ የሚመጣልኝ ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። አራት ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት በ2022 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ ስለመሆን ሁለት ገጽ ጽፎ ይልክልኛል። ስለ አልጋው ግን አንድ መስመር የለም። እባክዎ ይህን ይተዉት! ከመሥሪያ ቤት ግድግዳ የተቀዳ ጽሑፍ ለደንበኛዎ ምንም አይነግረውም፤ ስምዎን አውጥተው የጎረቤትዎን ስም ቢያስገቡበትም ያው ነው።

አንድ የቤት ዕቃ አምራች ዘንድ እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ያህል ስንቀመጥ ስልካቸው ሰባት ጊዜ ጮኸ። እንጨቱ ዋንዛ ነው ወይስ ኤምዲኤፍ? ቀብድ ስንት ነው? በስንት ቀን ይደርሳል? አራተኛ ፎቅ ድረስ ታወጡታላችሁ? እሳቸውም በመጋዙ ጩኸት መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዋንዛ ነው፤ ግማሹን ይከፍላሉ፤ በሃያ ቀን ይደርስልዎታል፤ ጫኝና አውራጁን ግን እርስዎ ይችላሉ» ይላሉ። ያመጣሁትን ወረቀት ገልብጬ መልሶቻቸውን በጀርባው ጻፍኩ። ድረ ገጹ የተሠራው ከዚያ ጀርባ ነው። እርስዎም ለአንድ ሳምንት ከስልክዎ አጠገብ ደብተር ያኑሩ፤ የሚጠየቁትን ሁሉ ከነመልስዎ ይመዝግቡ። ከዚያ የተሻለ ጽሑፍ እኔም ልጽፍልዎ አልችልም።

ፎቶ ላይ ሁለት ጥፋቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ነው። ከቱርክ ፋብሪካ የተገኘ የሶፋ ፎቶ በገጹ ላይ ያስወጣ ነጋዴ፣ ደንበኛው ያንኑ ፎቶ በስልኩ ይዞ ሱቁ ድረስ ሲመጣበት ምን ይመልሳል? የራስዎን ሥራ በጠዋት፣ በመስኮት ብርሃን፣ የስልክዎን ካሜራ መስታወት ጠርገው ያንሡት። ሁለተኛው የአላላክ ጥፋት ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩት መጠኑንና ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ እንደ ፋይል ከላኩት ካሜራው እንዳነሣው ይደርሰኛል። አርማዎንም ከቢዝነስ ካርድ ላይ ፎቶ አንሥተው አይላኩልኝ፤ ካርዱን ያዘጋጀልዎትን ማተሚያ ቤት ዋናውን ፋይል ይጠይቁት።

የድሮ ብሮሹር ጽሑፍ ሲልኩም ይጠንቀቁ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደላትን ወደሚለይበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቦታ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ቀድተው ለራስዎ በቴሌግራም ይላኩት፤ ስልክዎ ላይ በአማርኛ ከተነበበ ደህና ነው፤ ካልተነበበ እንደ አዲስ ይጻፍ።

ቀጣዩን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት «ክፍል የሚለቀቀው 6፡00 ሰዓት ነው» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። በእንግሊዝኛውም ገጽ ላይ ስድስት ብዬ አስገባሁት። ከአሜሪካ የመጡ ባልና ሚስት በአገራቸው አቆጣጠር አንብበው፣ እስከ ምሽት ክፍሉ የእኛ ነው ብለው ሻንጣቸውን ሳያዘጋጁ ገበያ ወጡ። እኩለ ቀን ላይ ቀጣዩ እንግዳ ከአውሮፕላን ጣቢያ ደረሰ። ሌላ ክፍል አልነበረም። የማረፊያው ባለቤት ሰውየውን ሌላ ሆቴል ወስደው ሒሳቡን ከኪሳቸው ከፈሉ። ገንዘቡን መለስኩላቸው፤ እፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ስለዚህ ሰዓት ሲሰጡን ጠዋት፣ ከቀኑ ወይም ከምሽቱ የሚለውን አይዝለሉ፤ የእንግሊዝኛው ገጽ በውጭ አገር አቆጣጠር መጻፉንም ራስዎ ያረጋግጡ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የተከፈተ ሱቅ በእንግሊዝኛ 2010 ተብሎ ከተቀመጠ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያላግባብ ተጨምሮለታል።

ዋጋ ሲጽፉ ከመቼ ጀምሮ የሚሠራ እንደሆነና 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምር እንደሆነ አብረው ይጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጡ ደንበኞቼ ገጻቸው ላይ በቀረው የቀድሞ ዋጋ ምክንያት ከገዢ ጋር ሲከራከሩ ከርመዋል።

የድርጅትዎ ስም አጻጻፍ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ በአንዱ ገጽ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» አይሁን።

ስልክ ቁጥር በ+251 ይጀምር፤ የፊቱ ዜሮ ይቅር፤ ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድም ደንበኛም በ09 ወይም በ07 ብቻ አያገኝዎትም። ቁጥሩ የማን እንደሆነም ይወቁ። ገጹን ከመክፈቴ በፊት የተሰጠኝን ቁጥር ሁሉ ራሴ እደውልበታለሁ። በቅርቡ የአንድ ዳቦ ቤት የትእዛዝ መቀበያ ተብሎ በተሰጠኝ ቁጥር ስደውል አንድ ወጣት አነሣውና፣ ከዚያ ሥራ ከለቀቀ ዓመት እንዳለፈው፣ ሰዎች ግን አሁንም የልደት ኬክ ሊያዙ እንደሚደውሉለት ነገረኝ። ሁሉንም ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ይልካቸዋል፤ አሁን የሚሠራው እዚያ ነው።