ያስቀረሁት የቲማቲም ዘር አልበቅል ሲለኝ ያገኘሁት መፍትሔ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ግቢያችን ካፈራው ሮማ ቪኤፍ ቲማቲም ያስቀረሁት ዘር በሰኔ ሁለት ጊዜ ተዘርቶ፣ ከ40 ፍሬ 3 ብቻ በቀለ፤ የቀረው አፈር ውስጥ ሻግቶ ተገኘ።

መጀመሪያ ውኃ በዝቶበታል ብዬ ማጠጣቱን ቀነስሁ፤ ለውጥ አልነበረም። ቀጥሎ አፈሩን በአሸዋና በበሰበሰ ፍግ ቀየርሁት፤ አሁንም አልበቀለም። ችግሩ ያለው ዘሩ ላይ ነበር፤ ከነዝልግልጉ ሶፍት ላይ አድርቄው ነበርና። ያ ዝልግልግ ሽፋን ዘሩ ገና ፍሬው ውስጥ ሳለ እንዳይበቅል የሚያግድ ንጥረ ነገር ይዟል።

የሠራልኝ እርምጃ ዘሩን ማብላላት ነው። ተክሉ ላይ ፈጽሞ ከቀላ ፍሬ ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጨምቄ፣ ጥቂት ውኃ አክዬና በስስ ጨርቅ ሸፍኜ፣ በቀን አንድ ጊዜ እያማሰልሁ አቆየሁት። በሞቃት አገር 2 ቀን ሊበቃው የሚችለው በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ 4 ቀን ፈጀ፤ ስለዚህ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ዝልግልጉ ለቅቆ ዘሩ ወደ ታች መዝቀጡን ማየት ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ እዚያው ይጎነቁላል። የተንሳፈፈውን ደፍቼ የቀረውን በወንፊት አጠብሁት፤ ከዚያም ወረቀት ስለሚጣበቅበት በሸክላ ሳህን ላይ፣ ጥላ ሥር አደረቅሁት።

ከዚህ ዘር 40 ፍሬ ዘርቼ፣ የችግኝ ማፍያውን ዕቃ ሌሊት ሌሊት ማድ ቤት እያስገባሁ፣ 34ቱ በ9ኛው ቀን በቀሉ። ዲቃላ ቲማቲም ግን በዚህ መንገድ ቢበቅልም እናቱን ስለማይመስል ዘሩን ባላስቀር እመርጣለሁ።