የጥንት ኮከብ ከምን እንደተሠራ እንዴት ይነበባል?

ከኮከብ ላይ ቆርሶ ላብራቶሪ ማስገባት አይቻልም። እኛ ጋ የሚደርሰው ብርሃኑ ብቻ ነው። ደግነቱ ብርሃኑ ይበቃል።

መጀመሪያ በአንድ ቃል እንግባባ። የሥነ ፈለክ ሰዎች «ሜታል» የሚሉት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የሚከብደውን ንጥረ ነገር ሁሉ ነው። ኦክስጅንና ካርቦን ሳይቀሩ ይገባሉ። በአማርኛ «ብረት» የሚለው ቃል ለሜታል በጠቅላላም፣ አይረን (Fe) ለሚባለው አንድ ንጥረ ነገርም ስለሚውል ግራ ያጋባል። እዚህ ብረት ስል ያንን አንዱን ንጥረ ነገር ብቻ ነው። ቢግ ባንግ (የጽንፈ ዓለም መነሻ) ያስገኘው ሃይድሮጅን፣ ሂሊየምና እጅግ ጥቂት ሊቲየም ነበር። የቀረው ከሞላ ጎደል በከዋክብት ሆድ ውስጥና በሞታቸው ጊዜ ተሠራ። ስለዚህ ቀድሞ የተወለደ ኮከብ ሜታል ያጥረዋል። ትንሽ ኮከብ ከሆነ ደግሞ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ላዩም የተወለደበትን ጋዝ በአብዛኛው እንደያዘ ይቆያል።

1. ኮከቡን ይምረጡ

ለጀማሪ ኤች ዲ 140283 የተባለውን ጥንታዊ ኮከብ እመርጣለሁ። በሊብራ ህብረ ኮከብ ውስጥ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል። በዓይን አይታይም፤ በባይኖኩላር ግን ይታያል። የመረጥኩበት ምክንያት የላዩ ሙቀት ከፀሐይ ጋር መቀራረቡ ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አራተኛው ላይ እንደርሳለን።

2. ስፔክትረሙን ያውርዱ

ስፔክትረም ማለት እንደ ቀስተ ደመና በሞገድ ርዝመቱ የተዘረጋ ብርሃን ነው። በላዩ የሚታዩት ጥቁር መስመሮች በኮከቡ ላይ ያሉ አቶሞች ብርሃን የዋጡባቸው ቦታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት። የራስዎ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ በቺሊ ቴሌስኮፖቹ የሰበሰበውን መረጃ በነጻ ያካፍላል። የፀሐይንም ስፔክትረም አብረው ያውርዱ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አንዳንዱ ፋይል የሞገድ ርዝመትን በአየር፣ አንዳንዱ በባዶ ጠፈር ለክቶ ይጽፋል። 500 ናኖ ሜትር ላይ ልዩነቱ 0.14 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያላየ ሰው መስመሮቹ ሁሉ የተሳሳቱ ይመስሉታል።

3. እንቅስቃሴውን ያርሙ

ይህ ኮከብ በሰከንድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ እየፈጠነ ወደ እኛ ይመጣል። በዚህ ምክንያት 500 ናኖ ሜትር አካባቢ ያሉት መስመሮች 0.28 ናኖ ሜትር ያህል ወደ ስፔክትረሙ ሰማያዊ ጫፍ ይሸሻሉ። መልሰው ወደ ቦታቸው ይግፏቸው።

4. ከፀሐይ ጎን ያስቀምጡት

እኔ በጣም የምወደው እዚህ ያለውን ነው። ሁለቱን ስፔክትረም አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ያድርጉ። የማግኒዚየምን ሦስት መስመሮች 516.7፣ 517.3 እና 518.4 ናኖ ሜትር ላይ ይፈልጉ። በፀሐይ ላይ በዙሪያቸው የብረት መስመር እንደ ጫካ ታጭቋል። በጥንታዊው ኮከብ ላይ ግን ሜዳው ገላጣ ነው። ሰማያዊው ጫፍ ላይ፣ 393.4 ናኖ ሜትር፣ የካልሲየም መስመር አሁንም ጎልቶ ይታያል። ሜታል ያጠራቸውን ከዋክብት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ መስመር ነው።

ግን ቶሎ አይፍረዱ። መስመር የሚሳሳው ንጥረ ነገሩ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ኮከቡ በጣም ሞቃት ከሆነ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮን ያጣሉ፤ የተለመዱት የብረት መስመሮችም ይደበዝዛሉ። ብዙ ሰው የተሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኤች ዲ 140283 ራሱ መስመሮቹ ስለሳሱ ከእውነተኛው ሙቀቱ በላይ ሞቃት ከሚባሉት ተመድቦ ነበር። በ1951 ጆሴፍ ቻምበርሌን እና ሎውረንስ አለር በጥንቃቄ ሲመረምሩት እንደታሰበው ሞቃት አልነበረም። ያጠረው ሜታል ነበር። ከዚያ በፊት ከዋክብት ሁሉ በይዘታቸው ከፀሐይ እምብዛም አይለዩም የሚል እምነት ሰፊ ነበር። ስለዚህ ሙቀቱን ከኮከቡ ቀለምና ከሃይድሮጅን መስመሮች ቅርጽ አስቀድመው ይወስኑ።

5. ይለኩ

የእያንዳንዱ መስመር ጉድጓድ ስፋትና ጥልቀት አንድ ላይ ስንት ብርሃን እንደዋጠ ይለኩ። ከጠንካራው ይልቅ ቀጭኑን መስመር ይመኑ። ጠንካራ መስመር አንዴ ከጠገበ በኋላ አቶም ቢጨመርም ብዙም አያድግም። ልኬቱን ወደ አቶም ብዛት የሚቀይረው የኮከቡ ከባቢ አየር ሞዴል ነው፤ ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ይጨርሰዋል።

ውጤቱ በሎጋሪዝም ይጻፋል። ፀሐይ ዜሮ ናት። −1 ማለት የፀሐይ አንድ አሥረኛ፣ −3 ማለት አንድ ሺህኛ ነው። የእኛ ኮከብ −2.4 አካባቢ ነው፤ ብረቱ ከፀሐይ 250 ጊዜ ያህል ያንሳል ማለት ነው።

6. ምጣኔውን ያንብቡ

የብረቱ መጠን ብቻውን ታሪክ አይናገርም። ማግኒዚየምን ለብረት ያካፍሉት። በጥንታዊ ከዋክብት ይህ ምጣኔ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ይበልጣል። ግዙፍ ከዋክብት በፍጥነት ኖረው ሲፈነዱ ማግኒዚየምና ኦክስጅን በብዛት ይረጫሉ። ብዙ ብረት የሚረጩት የነጭ ድንክ ከዋክብት (ነዳጃቸውን የጨረሱ ትናንሽ ከዋክብት ቅሪት) ፍንዳታዎች ግን ዘግይተው ነው የሚመጡት። ምጣኔው ከፍ ካለ ኮከቡ የተወለደው እነሱ ሳይደርሱ ነው።

አንድ መስመር ጭራሽ ካልታየስ? «የለም» ብለው አይጻፉ፤ «ከዚህ አይበልጥም» ብለው ይጻፉ። በ2014 በአውስትራሊያው ስካይማፐር ቴሌስኮፕ ተገኝቶ ይፋ የሆነ አንድ ኮከብ እንዲህ ነው የተጻፈው። በስፔክትረሙ ላይ ከሃይድሮጅን ሌላ ሊቲየም፣ ካርቦን፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም ታዩ። የብረት መስመር ግን አንድም አልተገኘም፤ ቢኖርበት እንኳ የፀሐይን ብረት አንድ ሚሊዮንኛ አይሞላም።